የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ግሬድ 2 የሰባ ጉበት» ተባልኩ

በዚህ እትም በጉበት ላይ ስለሚከማች ስብና ስለ አልትራሳውንድ ምርመራው የደረሱንን ጥያቄዎች አሰባስበናል። አንዱ ጥያቄ የተላከው ከራሱ ከመርማሪ ባለሙያ በመሆኑ መልሱ ረዘም ይላል፤ ለባለሙያ ያልሆኑ አንባቢዎች ግን ምርመራው በደንብ ተሠርቶላቸው እንደሆነ ለመገመት ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ነው። ለሆድ ሕመም ብዬ አልትራሳውንድ ስነሳ «ግሬድ 1 የሰባ ጉበት» ተባልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ስነሳ ደግሞ «ግሬድ 2» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። በዚህ ፍጥነት ሊብስብኝ ይችላል? ግሬድ 3 ከደረሰ ቀጣዩ ካንሰር ነው ወይ?

መልስ፦ አይደንግጡ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጉበትዎ ተባብሶ ሳይሆን ያየው ሰውና ማሽኑ ተለያይተው የመጣ ልዩነት መሆኑ ያመዝናል።

አልትራሳውንድ ስብን አይመዝንም። ድምፅ ይልካል፤ ተመልሶ የመጣውን ድምፅ በነጭና በጥቁር መካከል ባለ ቀለም ስክሪኑ ላይ ይስላል። በጉበት ሴሎች ውስጥ የተጠራቀመ የስብ ጠብታ ድምፁን ስለሚበታትነው ወደ ፕሮቡ (ቆዳ ላይ ወደሚያርፈው የማሽኑ መንኪያ) የሚመለሰው ይበዛል፣ ጉበቱም ነጣ ብሎ ይታያል። ወደ ጥልቅ የሚያልፈው ድምፅ ደግሞ በዚያው ልክ ስለሚመናመን የጉበቱ የኋላ ክፍል ይጨልማል። በጭጋግ ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት ሲበራ ከፊት ያለው ነጭ ሆኖ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እንደሚጠፋው ነው። በቁጥር እንየው ካሉ፣ ጤናማ ጉበት ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትርና ለእያንዳንዱ ሜጋኸርዝ በግምት 0.5 ደሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ይውጣል። በ3.5 ሜጋኸርዝ ፕሮብ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ 35 ደሲቤል ይጠፋል ማለት ነው። ስቡ በዝቶ ጉበቱ የሚውጠው ከ0.5 ወደ 0.8 ቢደርስ ኪሳራው 56 ደሲቤል ይሆናል። ከጉበቱ ጀርባ ያለው ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

ግሬዱ የሚሰጠው ይህን በዓይን በማየት ነው። ጉበቱ ከቀኝ ኩላሊት ቅርፊት ትንሽ ነጥቶ፣ ነገር ግን የደም ስሮቹ ግድግዳና ድያፍራሙ ጥርት ብለው ከታዩ ግሬድ 1 ይባላል። የደም ስሮቹ ግድግዳና ድያፍራሙ መደብዘዝ ከጀመሩ ግሬድ 2፣ ጨርሰው ከጠፉ ወይም በጭንቅ ከታዩ ደግሞ ግሬድ 3 ነው። «ትንሽ ነጣ» እና «ደበዘዘ» በሚሉት መካከል ድንበሩን የሚያሰምረው የሰው ዓይን ነው። የማሽኑ ጌይን (የምስሉ ብርሃን መጠን) ከፍ ቢል፣ ፕሮቡ ቢቀየር፣ ያን ቀን ሆድዎ በጋዝ ተነፍቶ ቢሆን ውጤቱ በአንድ እርከን ሊንሸራተት ይችላል። አንድ ባለሙያ ራሱ የመረመረውን ምስል ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲያየው ሌላ ግሬድ ሊሰጠው ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ግሬዱ የሚገልጸው የስቡን መጠን እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። ጉበትን የሚያበላሸው ስቡ ብቻውን ሳይሆን ስቡ የሚቀሰቅሰው ብግነትና ብግነቱ የሚተወው ጠባሳ፣ ማለትም ፋይብሮሲስ ነው። ጠባሳው ተጠራቅሞ ጉበቱን ሲያኮማትረው ሲሮሲስ ይሆናል። የካንሰር ስጋትም ይበልጥ የሚጨምረው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ግሬድ 3 የተባለ ሰው ምንም ጠባሳ ላይኖርበት፣ ግሬድ 1 የተባለው ደግሞ ከባድ ጠባሳ ሊኖርበት ይችላል። ሲሮሲስ እየገፋ ሲሄድ ስቡ ሊጠፋ ስለሚችልም «ስቡ ቀንሷል» የሚል ወረቀት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ጉበታቸው የሰባባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ግን ሲሮሲስ ደረጃ ላይ አይደርሱም።

ስለዚህ ሦስተኛ አልትራሳውንድ ለመነሳት ከመሮጥ ይልቅ ሐኪምዎን «ፊብ-4 አስሉልኝ» ይበሏቸው፤ ከባድ ጠባሳ የመኖሩን ዕድል የሚገምት ቀመር ነው። የሚያስፈልገው ተራ የደም ምርመራ ነው፤ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች እና ፕላትሌት (ደም የሚያረጉ ሴሎች)። ዕድሜ በኤኤስቲ ይባዛል፤ የተገኘው፣ የፕላትሌት ቁጥር (በሺህ ተቆጥሮ) በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል። ዕድሜው 48፣ ኤኤስቲ 40፣ ኤኤልቲ 64፣ ፕላትሌቱ 240 ሺህ የሆነ ሰው 48 በ40 ሲባዛ 1920፤ 240 በ8 ሲባዛም 1920፤ ስለዚህ ውጤቱ 1.0 ነው። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ወደ ጉበት ስፔሻሊስት መሄድ ያስፈልጋል። በመካከል ያለው የጉበትን ጥንካሬ የሚለካ ምርመራ ይታዘዝለታል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ የታችኛው ወሰን 1.3 ሳይሆን 2.0 ነው፤ ቀመሩ ዕድሜን ስለሚያባዛ አለበለዚያ ጤነኛ አረጋዊ ሁሉ ያለ ምክንያት ይሸበራል።

ጥያቄ፦ ለምርመራው ስንት ሰዓት መጾም አለብኝ? የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ።

መልስ፦ ለተለመደው የሆድ አልትራሳውንድ 6 ሰዓት ያህል ይበቃል። ከምግብ በኋላ የሐሞት ከረጢት ስለሚኮማተር በውስጡ ጠጠር ካለ ይሰወራል፤ የአንጀት ጋዝም ምስሉን ይጋርዳል። ውኃ መጠጣት ይችላሉ። ጋዝ ያላቸው መጠጦች፣ ማስቲካና ሲጋራ ግን ይቅሩ፤ ሦስቱም ሆድዎ ውስጥ አየር እንዲገባ ያደርጋሉ። የጉበት ጥንካሬ የሚለካ ከሆነ ቢያንስ 3 ሰዓት መጾም ግዴታ ነው፤ ምግብ ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር ጉበቱ ከእውነተኛው ይልቅ ጠንካራ መስሎ ይለካል።

ኢንሱሊን ወይም ስኳርን በጣም ሊያወርድ የሚችል ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ቀጠሮዎን የጠዋቱ የመጀመሪያ ያድርጉ፣ የጠዋቱን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱም አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። መድኃኒት ወስዶ መጾም አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። የሰባ ጉበት ላይ የምሰጠው ግሬድ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ደረጃ በደረጃ እንዴት ልሥራ? ሪፖርቱ ላይስ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ አለመግባባቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፕሮቡ ቆዳ ላይ ከማረፉ በፊት፣ ማሽኑ ሲስተካከል ነው።

ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ የሆነ ኮንቬክስ ፕሮብ ይያዙና የሆድ ፕሪሴት ይምረጡ። ጥልቀቱን 15 ወይም 16 ሴንቲሜትር ላይ ያድርጉ፤ ድያፍራሙ በስክሪኑ ታች መግባት አለበት፣ ወፍራም ለሆነ ታካሚ ወደ 18 ወይም 20 ይጨምሩ። ፎከሱን ከጉበቱ መሐል ወደ ኋላ ዝቅ ያድርጉት። በየጥልቀቱ ብርሃን የሚጨምሩትን ተንሸራታች ቁልፎች ሁሉንም መሐል ላይ አሰልፉ። እዚህ ላይ ነው ብዙው ስህተት የሚሠራው፦ የጉበቱ ጀርባ ሲጨልም ባለሙያው ምስሉ እንዲያምርለት የታችኞቹን ቁልፎች ወደ ቀኝ ይገፋል፣ የሰባ ጉበት ዋና ምልክት የሆነው የጀርባ ጨለማም በእጁ ይጠፋል። አጠቃላይ ጌይኑን ለማስተካከል የሐሞት ከረጢቱን ወይም የጉበት ደም ስርን ይመልከቱ፤ ውስጡ ጥቁር እስኪሆን ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ በኋላ እስኪጨርሱ አይንኩት። ሃርሞኒክና ኮምፓውንድ የሚባሉት ማስተካከያዎችም የጀርባውን መደብዘዝ መልክ ስለሚቀይሩ በክፍላችሁ ሁላችሁም ወይ አብርታችሁ ወይ አጥፍታችሁ ተስማሙ። ግማሹ አብርቶ ግማሹ አጥፍቶ የሚሠራበት ክፍል በግሬድ ሊስማማ አይችልም።

ታካሚውን በጀርባው አስተኝተው ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ እንዲያደርግ ይንገሩት፤ የጎድን ክፍተቱ ይሰፋል። የግራውን ጉበት ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር በቁመትና በአግድም ይዩ። ቀጥሎ በቀኝ የጎድን አጥንቶች ሥር ፕሮቡን ወደ ትከሻ አዘንብለው ትንፋሽ እያስያዙ የጉበት ደም ስሮችን ይቃኙ። ከዚያ በጎድን መካከል ገብተው የፖርታል ቬይንን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣውን ስር) የቀኝ ቅርንጫፍ ይመልከቱ፤ ግድግዳው በጤናማ ጉበት ነጭ ሆኖ ይለያል፣ በሰባ ጉበት ግን ዙሪያው ስለሚነጣ ከአካባቢው ጋር ይቀላቀላል። በመጨረሻ ወደ ጎን ወጥተው ጉበትንና ቀኝ ኩላሊትን በአንድ ምስል ያግኙ። አልታይ ካለ በግራ ጎኑ ያስተኙት፤ ጉበቱ ወደ ፊት ይመጣል።

ንጽጽሩ ራሱ ሕግ አለው። የጉበቱና የኩላሊቱ ቅርፊት የሚነጻጸሩት በአንድ ጥልቀት ላይ፣ ከምስሉ መሐል አካባቢ ነው። ጫፍ ላይ ያለው ቲሹ ሁልጊዜ ይጨልማል። ከኩላሊቱ መሐል ካለው ነጭ ስብ ጋር ካነጻጸሩት የሰባው ጉበት ጤነኛ ይመስላል፤ ከቅርፊቱ በስተውስጥ ካሉት ጥቋቁር ፒራሚዶች ጋር ካነጻጸሩት ደግሞ ጤነኛው የሰባ ይመስላል። ከሐሞት ከረጢት ጀርባ ያለውን ጉበት አይመኑት፤ ድምፁ በፈሳሽ ሲያልፍ ስለማይደክም ከጀርባው ያለው ሁሉ ያለ ስብም ይነጣል።

ኩላሊቱ ታማሚ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የቆየ የኩላሊት በሽታ ቅርፊቱን ስለሚያነጣው ጉበቱ ሰብቶም ቢሆን እኩል መስሎ ያልፋል። ስለዚህ ከማነጻጸርዎ በፊት ኩላሊቱን ለብቻው ይመርምሩ፤ ቀጭን፣ ትንሽ ወይም ነጭ ከሆነ ይተዉትና ጣፊያን መለኪያ ያድርጉ። ጉበቱ ከጣፊያው በግልጽ ከነጣ ስብ አለ። በተቃራኒው የቆየ ፋይብሮሲስም ጉበትን ስለሚያነጣና ስለሚያሻክር ነጭ ጉበት ሁሉ የሰባ ጉበት አይደለም።

ከመጨረስዎ በፊት ከ7 እስከ 12 ሜጋኸርዝ የሆነ ሊኒየር ፕሮብ አንስተው የጉበቱን ገጽ ይዩ። ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ መታየት አለበት፤ ሞገድ ካለው ወይም ጎርበጥ ካለ ሲሮሲስን ይጠርጥሩ። የጣፊያን ርዝመት ይለኩ፤ በአዋቂ ሰው ከ13 ሴንቲሜትር ካለፈ ይጻፉት። የፖርታል ቬይን ስፋትና በሆድ ውስጥ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩም ይታይ። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ከግሬዱ ይልቅ ለታካሚው ይጠቅመዋል ብንል አላጋነንንም።

ሪፖርቱ ላይ «ግሬድ 2» ብሎ መዝጋት አይበቃም። ያዩትን ይጻፉ፦ «ጉበቱ ከኩላሊት ቅርፊት የነጣ፣ የፖርታል ቬይን ግድግዳ የደበዘዘ፣ ድያፍራሙ በከፊል የሚታይ፣ ገጹ ለስላሳ፣ ጣፊያ 10 ሴንቲሜትር፣ ኩላሊቱ ጤናማ»። ምስሉ በታካሚው ውፍረት ወይም በጋዝ የተነሳ ደካማ ከነበረም ይግለጹ። ቀጣዩ መርማሪ የሚያነጻጽረው ከእነዚህ ቃላት ጋር ነው። ማሽንዎ የጉበትና የኩላሊትን ብሩህነት በሬሾ የሚያሰላ ከሆነ ቢጠቀሙበት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ማሽን የተወሰደ ወሰን አይጠቀሙ፣ ቁጥሩ ከማሽን ማሽን ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለብኝ፤ የጉበት ኢንዛይሜም ከፍ ብሏል። አልትራሳውንዱ ግን «ጉበት ጤናማ» ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። ጉበት ሰባ የሚባለው ስብ ያለባቸው ሴሎች ከ5 በመቶ ሲያልፉ ነው። ተራው አልትራሳውንድ ግን አስተማማኝ የሚሆነው ስቡ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለው በቀላሉ ያመልጠዋል፤ ውፍረት ሲጨምር ደግሞ ማምለጡ ይብሳል። መካከለኛና ከባድ ክምችትን በመለየት ግን ጥሩ ነው፤ ከመቶ ታማሚዎች ወደ 85 የሚጠጉትን ይይዛል። ትንሹን ስብ በትክክል የሚለካው የስብን ድርሻ በመቶኛ የሚያወጣው ኤምአርአይ ነው፤ ለሁሉም ሰው ግን አያስፈልግም። ስኳር ካለብዎት አልትራሳውንዱ ምንም ይበል ምን ፊብ-4 ይሰላልዎ፤ ኢንዛይሙን ከፍ ያደረገው ሌላ ምክንያት እንዳይሆንም ሄፓታይተስ ቢና ሲ ይመርመሩ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የአልኮል መጠን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። አሚዮዳሮን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ታሞክሲፌንና ስቴሮይድ ጉበት ላይ ስብ ሊያከማቹ ይችላሉ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጧቸው።

ጥያቄ፦ «በሐሞት ከረጢት አጠገብ ጥቁር ቦታ አለ» ተባልኩ። ዕጢ ይሆን?

መልስ፦ በሰባ ጉበት ውስጥ፣ በተለይ ከሐሞት ከረጢቱ አጠገብ የሚታይ ጥቁር ቦታ ብዙውን ጊዜ ስቡ ያልደረሰበት ጤናማ የጉበት ክፍል ነው። እዚያ አካባቢ ደም የሚመጣው ከሌላው ጉበት በተለየ መንገድ ስለሆነ ስብ አይከማችበትም። የተገላቢጦሹም አለ፤ ቀሪው ጉበት ጤናማ ሆኖ ጉበቱን በሚከፍለው ጅማት አጠገብ ትንሽ ነጭ የስብ ቦታ ይታያል። ባለሙያው የሚለየው በሦስት ነገር ነው፦ ቦታው የተለመደው መሆኑ፣ ጠርዙ እንደ ካርታ ድንበር የተቆራረጠ እንጂ ክብ አለመሆኑ፣ የደም ስሮች ሳይገፉና ሳይጣመሙ በውስጡ ቀጥ ብለው ማለፋቸው። ክብ ከሆነ፣ ደም ስር ከገፋ፣ ባልተለመደ ቦታ ከሆነ፣ ወይም ታካሚው ሲሮሲስ ወይም የካንሰር ታሪክ ካለው ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት (ኮንትራስት) ተሰጥቶ የሚሠራ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ መከተል አለበት። የእርስዎ ሪፖርት እነዚህን ካልገለጸ መልሰው መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ ፋይብሮስካን ተነስቼ 290 ደሲቤል በሜትር እና 6.1 ኪሎፓስካል የሚል ውጤት ሰጡኝ። «ኤስ 3» ሲሉኝ ደነገጥኩ።

መልስ፦ ፋይብሮስካን የጉበትን ጥንካሬና ስብ የሚለካ ማሽን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። 290 ስቡን ያሳያል። መለኪያው ከ100 እስከ 400 ሲሆን በስፋት የሚሠራባቸው ወሰኖች 248፣ 268 እና 280 ናቸው። እንደሚያዩት ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ያለው ርቀት 32 ብቻ ነው፤ በሌላ ቀን ቢለካ 265 ሊመጣና «ኤስ 1» ሊባሉ ይችላሉ። ስብ መኖሩን ይመኑ፣ በእርከኑ ግን አይጨነቁ። «ኤስ» የስብ፣ «ኤፍ» የጠባሳ ደረጃ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ «ኤስ 3» እና «ኤፍ 3» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

6.1 ኪሎፓስካል የጉበቱ ጥንካሬ ነው። ከ8 በታች ስለሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ8 እስከ 12 ያለው ተጨማሪ ምርመራ የሚጠይቅ፣ ከ12 በላይ ያለው ደግሞ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የትክክለኛ ልኬቶቹ ብዛት ቢያንስ 10 መሆኑንና የልኬቶቹ መበታተን ከመካከለኛው ዋጋ 30 በመቶ አለመብለጡን። ከቆዳ እስከ ጉበት ያለው ርቀት ከ25 ሚሊሜትር በላይ ከሆነም ለወፍራም ሰው የተሠራው «ኤክስኤል» ፕሮብ መጠቀም ነበረባቸው። ኢንዛይሙ በጣም ከፍ ባለበት ጊዜ፣ የልብ ድካም ወይም የሐሞት ቱቦ መዘጋት ባለበት ሰው የኪሎፓስካሉ ቁጥር ያለ ጠባሳም ይጨምራል፤ እንዲህ ያለው ልኬት ችግሩ ከታከመ በኋላ ይደገማል።

ጥያቄ፦ 86 ኪሎ ነበርኩ፤ በአራት ወር 4 ኪሎ ቀነስኩ። አልትራሳውንዱ ግን አሁንም «ግሬድ 1» ይላል። ልፋቴ ከንቱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የቀነሱት 4.7 በመቶ ገደማ ነው፤ ስብ በግልጽ መቀነስ የሚጀምረው 5 በመቶ ላይ፣ ብግነቱ የሚበርደው ከ7 እስከ 10 በመቶ ላይ፣ ጠባሳ መሻሻል የሚጀምረው ደግሞ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። በእርስዎ ኪሎ ሲሰላ 4.3፣ ከ6 እስከ 8.6፣ እና ከ8.6 በላይ ማለት ነው። ወደ መጀመሪያው ደፍ በጣም ተቃርበዋል። ስቡ ከ28 ወደ 21 በመቶ ቢወርድ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በዓይን የሚሰጥ ግሬድ ግን ላያየው ይችላል። ኤኤልቲ ከፍ ብሎ ከነበረና አሁን ከወረደ እሱ ቀድሞ ይነግርዎታል።

በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ ለመቀነስ አይሞክሩ፤ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። አልትራሳውንዱን በየወሩ መድገም ጥቅም የለውም፤ ከ6 እስከ 12 ወር ይቆዩ፣ ቢቻል በዚያው ማሽን በዚያው ባለሙያ። ፊብ-4 ስኳር ካለብዎት በየ1 ወይም 2 ዓመት፣ ከሌለብዎት በየ2 ወይም 3 ዓመት ይደገማል። ሲሄዱ የቀድሞውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ምስሎቹንም ይያዙ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ባለሙያ ከወረቀቱ የማይገኘውን ለውጥ ሊያገኝ ይችላል።